አስቱርኮን፦ ከወንዝ የተቀዳ የፈረስ ስም

በሰሜን እስፓኝ፣ በአስቱሪያስ ምድር፣ ከባሕሩ ዳር ብድግ ብሎ የሚታይ ሱዌቤ የሚባል ተራራ አለ። ጫፉ 1,161 ሜትር ነው። በእኛ አገር ደገኛ ዓይን ሲታይ ከፍታው ብዙ አይባልም፤ ነገር ግን ከውቅያኖሱ የሚርቀው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ጉም፣ ካፊያና ነፋስ አይለየውም። በዚያ ተራራ ላይ ጥቁር፣ ቁመተ አጭር፣ ጋማው የተንዠረገገ ፈረስ ይሰማራል። እስከ ጫንቃው ሲለካ ከ1.25 ሜትር ብዙም አያልፍም። ባለቤት አለው፤ በረት ግን የለውም። ክረምት ከበጋ ሜዳ ያድራል፤ ባዝራዋ እዚያው ትወልዳለች፤ ሌላ ከብት የማይደፍረውን ባለ ቢጫ አበባ እሾሃማ ቁጥቋጦ ሳይቀር ይግጣል። ተኩላ ሲመጣ ባዝሮቹ ውርንጭሎቻቸውን መሃል አስገብተው ዙሪያውን እንደሚከቡ የአገሩ እረኞች ይናገራሉ። ሰው የሚሰበስበው አልፎ አልፎ፣ ለምልክትና ለቆጠራ ሲፈለግ ብቻ ነው። ዱር አደር ከቤት እንስሳ የተዳቀለበት ኑሮ ነው።

ይህ ፈረስ አስቱርኮን ይባላል። ስለ ዘሩ ጥንታዊነት ብዙ ተጽፏል፤ እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ስሙ ነው። ዛሬ በዓለም ከሚታወቁት የፈረስ ዝርያዎች አብዛኞቹ ስማቸውን ያገኙት ባለፉት ሦስትና አራት መቶ ዓመታት ነው። አስቱርኮን ግን ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ትንሽ በቀረው የላቲን ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል፤ የሚገኘውም ያንኑ አገርና ያንኑ ትንሽ ፈረስ ሲያመለክት ነው። በመካከሉ ግን ቃሉ ረጅም መንገድ ሄዷል። ወንዝ ነበር፤ ሕዝብ ሆነ፤ ከሕዝቡ ወደ ፈረሱ አለፈ፤ ከፈረሱ ወደ አረማመዱ ተሻገረ፤ ከዚያም ወደ ተራራው ተመለሰ።

ከቃሉ መልክ ልጀምር። አስቱርኮን የእስፓኝኛ ቃል ሲሆን የመጣው ከላቲኑ “አስቱርኮ” ነው። ግዕዝ “ቤት” እና “ቤተ” እያለ ባለቤቱን ከተሳቢው እንደሚለይ ሁሉ ላቲንም የቃሉን መጨረሻ ይለዋውጣል፤ አስቱርኮ ተሳቢ ሲሆን “አስቱርኮኔም” ይባላል። የእስፓኝኛ ስሞች በአብዛኛው የወጡት ከዚህ ከተሳቢው መልክ ነው። ጫፉ ሲረግፍ “አስቱርኮን” ቀረ። ከመጨረሻው “ኮን” ብናነሣለት የሚቀረው “አስቱር” የሕዝብ ስም ነው፤ አስቱሬስ የሚባሉት የጥንት ተራራ ነዋሪዎች ስም። እንግዲህ አስቱርኮ ማለት የአስቱሮች ፈረስ፣ አስቱሬ እንደ ማለት ነው።

ታዲያ አስቱሮቹ ስማቸውን ከየት አመጡት? ለዚህ ጥያቄ ከጥንት የተላለፉልን ሁለት መልሶች አሉ።

አንደኛው የወንዝ ነው። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ29 እስከ 19 ዓመት ባለው ጊዜ፣ በቄሣር አውግስጦስ ዘመን፣ ካንታብሮችንና አስቱሮችን ወግተዋል። ታሪክ ጸሐፊው ፍሎሩስ ይህን ጦርነት ሲተርክ አስቱሮች ከበረዷማ ተራሮቻቸው ወርደው በአስቱራ ወንዝ ዳር እንደ ሰፈሩ ይናገራል። ከብዙ ዘመን በኋላ በ7ኛው መቶ ዓመት የሴቪያው ጳጳስ ኢሲዶሮስ ስለ ቃላት አመጣጥ በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ነገሩን በአጭሩ ይዘጋዋል፦ አስቱሮች የተባሉት በአስቱራ ወንዝ ዙሪያ ስለሚኖሩ ነው። ወንዙ ዛሬም ይፈሳል፤ ወደ ዱዌሮ የሚገባ ትልቅ ገባር ነው። ስሙ ግን በሰው አፍ ሲፈጭ ሲፈጭ አስቱራ ኤስቱላ፣ ኤስቱላም ኤስላ ሆኗል። ወንዙ ራሱ የጥንት ስሙን ሲያጣ ልጆቹ ይዘውት ቀሩ። ሮማውያን ያቆሙት አስቱሪካ ከተማ ዛሬ አስቶርጋ ነው፤ ክፍለ ሀገሩ አስቱሪያስ ነው፤ የእስፓኝ ዙፋን ወራሽ ከ1388 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠራበት ማዕረግም “የአስቱሪያስ ልዑል” ነው። አስቱራ የሚለው ስም ከላቲን በፊት የነበረ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። ሊቃውንት በጣሊያን ስቱራ፣ በእንግሊዝ ስቱር ከሚባሉ ወንዞች ጋር ያነጻጽሩታል። ወንዝ ከቋንቋ ይልቅ ዕድሜ ጠገብ ነውና በአውሮፓም በእኛም አገር የወንዝ ስም ብዙ ጊዜ ከሚናገረው ሕዝብ ቋንቋ ቀድሞ የነበረ ነው።

ሁለተኛው መልስ አማርኛ አንባቢን በቀጥታ ይነካል። በ1ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሲሊዩስ ኢታሊኩስ የተባለ ሮማዊ ባለቅኔ ሮማና ካርታጎ ስላደረጉት ጦርነት ፑኒካ የሚባል ረጅም ግጥም ጽፏል። በሦስተኛው መጽሐፍ ከካርታጎው የጦር መሪ ከሐኒባል ጋር የተሰለፉትን የእስፓኝ ነገዶች አንድ በአንድ ሲቆጥር አስቱሮች ላይ ይደርስና የዘራቸውን አባት ይነግረናል፦ አስቲር ይባላል፤ የሜምኖን ጋሻ ጃግሬ ነበር፤ ጌታው ሲሞት አገሩን ጥሎ ወደ ሌላው የዓለም ዳርቻ ሸሸ።

ሜምኖን በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ነው። የንጋት አምላክ ልጅ ነው ይባላል፤ ትሮያን ለመርዳት ጦሩን ይዞ ዘመተ፤ በአኪሌስ እጅ ወደቀ። እናቱ ያለቀሰችው እንባ የጠዋት ጤዛ ሆኖ ቀረ የሚሉም አሉ። በግብፅ በጥንታዊቷ ቴቤስ አጠገብ የተቀመጡትን ሁለት ግዙፍ ሐውልቶች ግሪኮች “ሜምኖን” ብለው የጠሩት በዚሁ ንጉሥ ስም ነው፤ ሐውልቶቹ ግን በእውነት የፈርዖን አሜንሆቴፕ ሦስተኛው ናቸው። እንግዲህ እንደ ሲሊዩስ አባባል አስቱሮችም ሆኑ ስማቸውን የተሸከመው ፈረስ የሚወለዱት ከአንድ ኢትዮጵያዊ ንጉሥ ጋሻ ጃግሬ ነው።

ደስ ይላል፤ ግን እውነት ነው ብዬ አልቀበለውም። በመጀመሪያ ደረጃ የግሪኮች “ኢትዮጵያ” ዛሬ በካርታ ላይ የምናውቀው አገር ብቻ አልነበረችም። ቃሉ በግሪክኛ “ፊቱን ፀሐይ ያቃጠለው” ማለት ሲሆን ሆሜር ራሱ ኢትዮጵያውያንን ፀሐይ በሚወጣበትና ፀሐይ በሚገባበት በሁለት ወገን ከፍሎ ያኖራቸዋል። ሜምኖንን አንዳንዶች በምሥራቅ ከፋርስ ምድር፣ ሌሎች በደቡብ ከግብፅ በላይ ያስቀምጡታል። በሁለተኛ ደረጃ ለሕዝብ ስም አንድ አባት መፈለግ የጥንት ሰዎች ሁሉ ልማድ ነው። እኛም “ኢትዮጵያ” የሚለውን ከኩሽ ልጅ ከኢትዮጲስ እናወጣዋለን። አስቲር የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ አስቱር የሚለው ስም ነበረ፤ ከዚያ ስሙን የሚመስል ሰው ተፈለገለት። ስለዚህ ከሁለቱ መልሶች እኔ የምይዘው የወንዙን ነው። የሲሊዩስን ግን አልጥለውም፤ ከዘር ሐረጉ ቀጥሎ በሦስት መስመር የጻፈው ስለ ፈረሱ ከተጻፉት ሁሉ ከሚሻሉት አንዱ ነውና። ፈረሱ ትንሽ ነው ይላል፤ በጦር ሜዳ ስም የለውም፤ ነገር ግን ጀርባውን ሳያናውጥ እግሩን ይጠቀልላል፤ ሠረገላ ቢያስሩበትም አንገቱን አለዝቦ በፍጥነት ይጎትታል።

“ጀርባውን ሳያናውጥ” የሚለው ላይ ቆም እንበል። የዚህን ቃል ታሪክ የሚፈታው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ የተፈጥሮን ነገር ሁሉ ለመሰብሰብ በሞከረበትና በ77 እ.ኤ.አ. ለልዑል ቲቶ ባበረከተው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ፈረስ ሲናገር እንዲህ ያለ ነገር ያስፍራል፦ በእስፓኝ ጋሌሲያና አስቱሪያ የሚባሉ ነገዶች “ቲየልዶን” የሚባሉትን ፈረሶች ያረባሉ፤ አነስ ያሉት “አስቱርኮ” ይባላሉ፤ አረማመዳቸው እንደ ሌላው ፈረስ አይደለም፤ በአንድ ወገን ያሉትን እግሮች እያፈራረቁ የሚዘረጉበት ለስላሳ አካሄድ አላቸው፤ ሌሎችን ፈረሶች በሥልጠና እንዲህ ማስኬድ የተለመደውም ከእነዚህ የተነሣ ነው። ፕሊኒ ይህን የጻፈው ከሰው ሰምቶ ብቻ አይመስለኝም። በወጣትነቱ በጀርመን ግንባር የፈረሰኛ ሹም ነበር፤ በኋላም በ70ዎቹ መጀመሪያ አስቱሪያን የሚጨምረውን የሰሜን እስፓኝ ግዛት ገንዘብ ያስተዳድር ነበር። ኮርቻ ላይ ያደገ ሰው የፈረስን እግር እንዴት እንደሚያይ ያውቃል።

የሚገልጸው አካሄድ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ሰገረ እንላለን። ተራ ፈረስ ሶምሶማ ሲሄድ የፊት ቀኙን ከኋላ ግራው፣ የፊት ግራውን ከኋላ ቀኙ ጋር ያነሣል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ሰውነቱ ወደ ላይ ይዘልላል፤ የተቀመጠበትም ሰው አብሮ ይነሣል፣ ይወድቃል። ሰጋር ግን የቀኙን ፊትና ኋላ አንድ ላይ፣ ከዚያ የግራውን ፊትና ኋላ አንድ ላይ ይሰዳል። ጀርባው ወደ ጎን ትንሽ ይወዛወዛል እንጂ አይዘልም። ነጠላዋን የተከናነበች እመቤት፣ መስቀል የያዘ ካህን፣ ወገቡን የሚያመው ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ሳይደክም የሚገባው በሰጋር በቅሎ ነው። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ለዚህ አካሄድ “አምብል” የሚሉት ቃል አላቸው፤ የተወሰደው ዝም ብሎ “መራመድ” ከሚል የላቲን ግሥ ስለሆነ የልዩነቱን ጣዕም አይሰጥም። የአማርኛው ሰገረ ግን ለዚህ አካሄድ የተለየ፣ ራሱን የቻለ ቃል ነው። ፕሊኒን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቢኖር አስቱርኮን “ሰጋር ድንክ ፈረስ” ብሎ በሦስት ቃል ይጨርሰው ነበር።

ቲየልዶን የሚለውን ሌላውን የፕሊኒ ቃል አንዳንድ ሊቃውንት ከባስኮች “ሳልዲ” ጋር ያያይዙታል፤ በባስክ ቋንቋ ፈረስ ማለት ነው። ባስኮች ከአስቱሪያስ በስተምሥራቅ በዚያው ባሕር ዳር ይኖራሉ፤ ቋንቋቸው ከላቲን በፊት የነበረ ነው። ዝምድናው ልክ ከሆነ ፕሊኒ በጆሮው የሰማው የአገሩን ሰዎች የራሳቸውን ቃል ነው። ቲየልዶን የሚለው መልክ ከመጻሕፍት ጠፋ። አስቱርኮ ግን ሮማ ገባ።

ሮማ ሲገባ ምን ሆነ? የቅንጦት ዕቃ ሆነ። ባለቅኔው ማርቲያሊስ በበዓል ለሚሰጡ ስጦታዎች በጻፋቸው አጫጭር ግጥሞች ውስጥ ለአስቱርኮ አንድ መድቦለታል፤ ኮቴውን በምት እያነሣ የሚሄድ፣ ወርቅ ከሚወጣበት አገር የመጣ ትንሽ ፈረስ አድርጎ ያቀርበዋል። ስለ ወርቁ ማጋነን አልነበረም፤ ሮማውያን የአስቱሪያን ምድር ተራራ እየናዱ ወርቅ ያወጡበት ነበር። ፈላስፋው ሴኔካ ደግሞ ለሉኪልዩስ በላከው 87ኛ ደብዳቤ የዘመኑን ሀብታሞች ሲወቅስ የጥንቱን ካቶን ያስታውሳል። ካቶ የጦር መሪና ታላቅ ሹም ሆኖ ሳለ አንድ ፈረስ ይበቃው ነበር፤ እሱንም ሙሉውን አይቀመጥበትም፤ ግማሹን ስንቁ ይይዝበታል። ሴኔካ ከዚህ አንጻር ያቆማቸው የጠገቡ የጎል ድንክ ፈረሶችን፣ አስቱርኮዎችንና ሰጋሮችን ነው። እንግዲህ በሴኔካ ዘመን አስቱርኮ መቀመጥ ምቾት ወዳድነትን ያሳብቅ ነበር።

ከዚያ አንድ ትልቅ ለውጥ መጣ። በኔሮን ዘመን እንደ ጻፈ የሚታመነው ፔትሮኒዩስ በልቦለዱ ውስጥ “የመቄዶንያ አስቱርኮ” የሚል ነገር ያነሣል። መቄዶንያ ከአስቱሪያስ በሜዲትራኒያን ሌላ ዳርቻ ያለች አገር ናት። የሕዝብ ስም የነበረው ቃል እዚህ ላይ ከአገሩ ተላቋል፤ የትም ይወለድ፣ የሚሰግርና የሚያምር ትንሽ ፈረስ ሁሉ አስቱርኮ መባል ጀምሯል። ለቃል ትልቅ ክብር ነው፤ ትልቅ አደጋም ነው። የአንድ ቦታ ስም የሁሉ ስም ሲሆን ቦታውን ይረሳል።

የቃሉን ክብር ከሁሉ የሚያሳየው ግን የኔሮን ሕልም ነው። ስዌቶኒዩስ በጻፈው የቄሣሮች ታሪክ ውስጥ ኔሮን በዕድሜው መጨረሻ፣ ከ68 እ.ኤ.አ. ውድቀቱ በፊት፣ በክፉ ሕልም ይታወክ እንደ ነበር ይተርካል። ከሕልሞቹ አንዱ እጅግ ይወደው የነበረው አስቱርኮ ከኋላ በኩል ዝንጀሮ ሆኖ፣ ራሱ ብቻ እንደ ነበረ ቀርቶ፣ በዜማ ሲያሽካካ ማየቱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ብዙ ፈረሶች ነበሩት፤ በሕልሙ የመጣው ግን የአስቱሪያ ትንሽ ፈረስ ነው።

ሕዝቡ በበኩሉ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዷል። ሮማ ያሸነፈቻቸውን አስቱሮች ፈረሰኛ አድርጋ መለመለቻቸው። ከእነሱ የተቋቋመ ሁለተኛው የአስቱሮች ክንፍ የሚባል ክፍለ ጦር በሰሜን እንግሊዝ በሐድሪያን ግንብ ላይ፣ ዛሬ ቼስተርስ በሚባለው ምሽግ ሰፍሮ ነበር። የምሽጉ የላቲን ስም ኪሉርኑም ነው። በአስቱሪያስ በሂሆን ከተማ አጠገብ፣ ካምፓ ቶሬስ በሚባል ጥንታዊ ሠፈር፣ ኪሉርኒጊ የሚባል ጎሣ ስም የተጻፈበት ድንጋይ ተገኝቷል። አንዳንዶች ወታደሮቹ የጎሣቸውን ስም ይዘው ሄደው ምሽጉን ሰየሙት ይላሉ፤ ሌሎች ግን ቃሉ በኬልት ቋንቋዎች ገንቦ ወይም ማሰሮ ማለት መሆኑን ጠቅሰው በአጠገቡ ካለው የወንዝ ጉድጓድ ጋር ያገናኙታል። ለእኔ ሁለቱ አይጣሉም፤ ጎሣውም ምሽጉም ስማቸውን ከአንድ የኬልት ቃል ሊያገኙ ይችላሉ።

ሮማ ስትወድቅ የፈረስ ቃላት ተገለባበጡ። የላቲን የክብር ቃል “ኤኩስ” ነበር፤ “ካባሉስ” የጭነት ጋማ ከብት፣ የተራ ሰው ቃል ነበር። ሴኔካ የካቶን ፈረስ ሲጠራ ሆን ብሎ የመረጠው ይህን ተራ ቃል ነው። ያሸነፈውም እሱ ሆነ፦ እስፓኝኛ ካባዮ፣ ጣሊያንኛ ካቫሎ፣ ፈረንሳይኛ ሸቫል ይላሉ። ኤኩስ በእስፓኝኛ የተረፈው “የጓ” በሚለው የባዝራ ስም ብቻ ነው። የሴም ቋንቋዎችም ተመሳሳይ ነገር አሳልፈዋል። በዕብራይስጥ ፈረስ “ሱስ” ሲሆን “ፓራሽ” ፈረሰኛው ነው፤ በግዕዝና በዓረብኛ ግን “ፈረስ” እንስሳው ራሱ ነው።

በመካከለኛው ዘመን ሰጋር ፈረስ ተፈላጊነቱ አልቀነሰም፤ ስሙ ግን በየአገሩ ተለዋወጠ። በአየርላንድ “ሆቢ” የሚባል ትንሽ ሰጋር ፈረስ ነበረ። ከዚያ ልጆች የሚጋልቡት የእንጨት ፈረስ “ሆቢ” ተባለ፤ ከእንጨት ፈረሱ ደግሞ ሰው ለደስታው ብሎ የሚይዘው ነገር ሁሉ ሆቢ ሆነ። “ሆቢህ ምንድን ነው?” ብሎ የሚጠይቅ የአዲስ አበባ ወጣት ሳያውቀው የፈረስ ስም እየጠራ ነው። የአየርላንዱ ሆቢ ከአስቱርኮን ዘር ነው የሚሉ አሉ፤ በቃሉ በኩል ግን ዝምድና የላቸውም፤ ሆቢ ሮቢን የሚለው የሰው ስም በቁልምጫ ሲጠራ የወጣ ሳይሆን አይቀርም። “ፖኒ” የሚለው እንግሊዝኛ ደግሞ ከስኮትላንድ የወጣ ሲሆን ሥሩ የፈረንሳይኛ “ፑልኔ”፣ ትንሽ ውርንጭላ ነው። ከዚያ በታች ያለው የላቲን “ፑሉስ” የማንኛውም እንስሳ ግልገል ማለት ነበረና በእስፓኝኛ ዶሮ “ፖዮ” የተባለው ከዚያው ሥር ነው። አስቱርኮን በዚህ ሁሉ መሃል ልዩ የሚያደርገው መነሻው የማያጠራጥር መሆኑ ነው። ትንሽነቱን ወይም ቁልምጫውን አይናገርም፤ አገሩን ነው የሚናገረው።

ስለ ስግሪያ የዘመናችን ሳይንስም የሚለው አለው። በ2012 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ዲኤምአርቲ3 በተባለ ዘረ መል ላይ ያለ አንድ ለውጥ ፈረስን ሰጋር እንደሚያደርግ አገኙ። በ2016 ደግሞ ከጥንት ፈረሶች አጥንት የተወሰደ ዘረ መል ሲመረመር ይህ ለውጥ በመጀመሪያ የታየው በ9ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ ዮርክ በኖሩ ፈረሶች፣ ከዚያም በአይስላንድ ነው። ፕሊኒ ግን ከዚያ ስምንት መቶ ዓመት ቀድሞ የአስቱሪያን ሰጋሮች ገልጿል። ይህን አለመጣጣም በመጽሐፉ ላይ ክስ አድርጌ አላየውም። ጥናቱ የሚናገረው ስለ አንድ የዘረ መል ለውጥ ነው፤ ፕሊኒ ደግሞ ፈረስ በተፈጥሮ ብቻ ሳይሆን በሥልጠናም እንደሚሰግር በዚያው ቦታ ጽፏል። በእግሮቹ ላይ የጻፈው ዝርዝር ደግሞ በግምት የሚጻፍ አይደለም።

ወደ ሱዌቤ ልመለስ። በ20ኛው መቶ ዓመት አስቱርኮን ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ባዝሮቹ ሥጋ ለሚበዛባቸው ትላልቅ ድንጉላዎች ተሰጡ፤ መኪናውም ትንሹን ፈረስ ሥራ አሳጣው። በ1970ዎቹ ንጹሑ ዘር በአስሮች የሚቆጠር ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአገሩ አርቢዎች ማኅበር አቋቁመው የዘር መዝገብ ከፈቱ። በዚያን ጊዜ ቃሉ ሕግ ሆነ፦ ማን አስቱርኮን እንደሚባልና ማን እንደማይባል በቁመት፣ በቀለም፣ በወላጅ ይለይ ጀመር። ጥቁሩ የመዝገቡ ዋና መልክ ሆነ፤ ግንባሩ ላይ ትንሽ ቦቃ ቢኖረው ይፈቀድለታል፤ ዳማው በኋላ ተጨመረ። በሮማ ልቦለድ ውስጥ የመቄዶንያን ፈረስ ሳይቀር ይጠራ የነበረ ቃል ወደ አንድ ክፍለ ሀገር ተሰብስቦ ገባ። በየዓመቱ በነሐሴ በሱዌቤ ላይ በኤስፒኔሬስ ግጦሽ የአስቱርኮን በዓል ይከበራል፤ ሰዎች ተራራ ወጥተው ያልተገሩትን ይይዛሉ፣ ይገራሉ። በእኔ አስተያየት መዝገቡ ቃሉን አጥብቦታል፤ ፈረሱን ግን አድኖታል፤ ምርጫው ትክክል ነበር።

በእኛ አገር የፈረስና የሰው ስም የተገናኙት በተገላቢጦሽ ነው። በአስቱሪያስ የሰዎቹ ስም ወደ ፈረሱ ወረደ። በኢትዮጵያ የፈረሱ ስም ወደ ጌታው ወጣ፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ሰው በፈረሱ ስም መጠራት ማዕረግ የሆነበት አገር ስለ ፈረስ የሚያወራበት ቃል አያጣም። ጉራቻን ከኦሮምኛ ወስደናል፤ ዳማ፣ ቦቃ፣ ድንጉላ፣ ባዝራ፣ ሰጋር እያልን መልኩንም ጾታውንም አካሄዱንም ለይተን እንጠራለን። ግን በደረቁ የተጻፈ ቃል በራሱ ብዙ አይናገርም። ሴኔካ፣ ማርቲያሊስና ስዌቶኒዩስ ሁሉም አስቱርኮ የሚለውን ጽፈውልናል፤ ፕሊኒ እግሮቹ እንዴት እንደሚፈራረቁ ባይገልጽልን ኖሮ ግን ቃሉ ምን ዓይነት አካሄድ እንደ ነበረ አጥርተን ባላወቅን ነበር።

ስለዚህ ፈረስና በቅሎ ዛሬም በሚጫንበት አገር ያላችሁ፣ ወይም በቅሎ ያሰገሩ አባቶችና እናቶች በሕይወት ያሉላችሁ አንባቢዎች፣ ጠይቋቸውና ጻፉት። በአካባቢያችሁ ስግሪያ ምን ይባላል? የትኛው እግር ከየትኛው ጋር ይነሣል? በቅሎዋ በተፈጥሮዋ ትሰግራለች ወይስ ታስተምሯታላችሁ፤ ከሆነ በስንት ዓመቷ፣ በምን ዘዴ፣ ማን? የቃሉን አጠራር ከነቀበሌው፣ ከነተናጋሪው ዕድሜ መዝግቡ።